ምስሉ ይሻገር፣ ልጁ ቤቱ ይዋል

ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣
በጎጃም ለሚገኙ የዞን ጤና መምሪያዎችና ሆስፒታሎች፣
ለደብረ ማርቆስ፣ ለባሕር ዳርና ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች

ጉዳዩ፦ ለሕፃናት የጥርስ ሕክምና የሚያገለግል የአፍ ውስጥ ዲጂታል ስካነር እንዲገዛ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና የሙያ ባልደረቦቼ፣

በጎጃም ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የጥርስ ክፍል የምሠራ ሐኪም ነኝ። ወደ ጥያቄዬ ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ የብስኩት ካርቶን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ወደ ክፍላችን መጣ። ሲወለድ ከንፈሩና ላንቃው የተሰነጠቀ ነበር። ቀዶ ሕክምናው በሕፃንነቱ ተሠርቶለት ከንፈሩ በደንብ ገጥሟል። የላይኛው መንጋጋው ግን ጠቧል፤ የላይ ጥርሶቹ ከታቾቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። መንጋጋውን ቀስ በቀስ የሚያሰፋ፣ በራሱ ልክ የሚሠራ መሣሪያ ያስፈልገው ነበር። እንዲህ ያለውን የሚሠሩልን ባለሙያዎች አዲስ አበባ ናቸው። ልኩን ወሰድሁ፣ በጀሶ ሞላሁት፣ የደረቀውን የጀሶ ጥርስ በጥጥ ጠቅልዬ በብስኩት ካርቶን አደረግሁና ለአባትየው ሰጠሁት። አባትየው ካርቶኑን ከጋቢው ሥር ታቅፎ ከደጀን ቁልቁል ወረደ፣ አባይን ተሻገረ፣ ወደ ጎሐ ጽዮን ወጣ፣ አዲስ አበባ ገባ። ካርቶኑ ሲከፈት ሁለቱ የፊት ጥርሶች ተሰብረዋል፤ ላንቃው ከመሐል ለሁለት ተከፍሏል።

በሁለተኛው ሳምንት አባትና ልጅ ተመልሰው መጡ። ልኩ እንደገና መወሰድ ነበረበት። ልጁ ግን የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ያን ቀን የልክ መውሰጃው ሊጥ ላንቃውን ሲነካው ሰውነቱ ተንዘፍዝፎ፣ እንባውና ምራቁ ተቀላቅሎ፣ የበላውን ቁርስ ሸሚዙ ላይ አስመልሶት ነበር። አሁን ዕቃውን ከመሳቢያው ሳወጣ ገና ድምፁን ሲሰማ ከንፈሮቹን ገጠመ። ያ የተሰፋው ከንፈር ጠባሳው ነጭ እስኪሆን ድረስ ጠበቀ። አባትየው «ዶክተር፣ እኔ ልያዘውና እርስዎ ይውሰዱ» አለኝ። «አይሆንም ወንድሜ፣ ዛሬ በግድ ከያዝነው ነገ ሐኪም ፊት አፉን አይከፍትም» አልኩት። ወንበሩ ላይ ትንሽ አስቀምጬ አጫወትኩትና በዚያው ሸኘኋቸው። ከገጠር ለመምጣት ሁለት ቀን ያጠፉ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

የማንንም ስም አላነሣም፤ የሚወቀስ ሰው የለምና። ሾፌሩ ነድቷል፣ አባትየው ታቅፏል፣ የላቦራቶሪው ባለሙያም የደረሰውን ዕቃ በእውነተኛ ዓይን አይቶ «በዚህ አይሠራም» ብሏል። የተበላሸው ልኩን የምንወስድበትና የምንልክበት መንገድ ነው፤ የምጽፍላችሁም ስለዚሁ መንገድ ነው።

ከጥርስ ሕክምና ውጭ ላላችሁ ላስረዳ። ልክ የምንወስድበት አልጂኔት ከባሕር አረም የሚሠራ ዱቄት ነው። በውኃ ይለወስና የመንጋጋ ቅርጽ ባለው ብረት ወይም ፕላስቲክ ተሞልቶ አፍ ውስጥ ይጫናል። እስኪጠነክር ሁለት ደቂቃ ያህል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ለትልቅ ሰው ሁለት ደቂቃ ምንም አይደለም። ጉሮሮው ላይ ቀዝቃዛ ሊጥ ለተጫነበት፣ በአፍንጫው ብቻ ተንፍስ ለሚባል ልጅ ግን ረጅም ነው። ጉንፋን ይዞት ከሆነ ደግሞ በምን ይተንፍስ? ከአፍ ከወጣ በኋላም ጣጣው አያልቅም። አልጂኔት አየር ላይ ከቆየ ውኃው እየወጣ ይኮማተራል፤ ልኩም ይዛባል። ስለዚህ ቶሎ ጀሶ ይፈስበታል። ጀሶ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም፤ የአባይ ሸለቆ ገደል በጀሶ ድንጋይ ንብርብሩ የታወቀ ነው። የዚያኑ ድንጋይ ዘመድ የልጅ ጥርስ አድርገን ያንኑ ገደል በአውቶቡስ እናሻግረዋለን። ተሰባሪ ነውና ይሰበራል።

አሁን የጥርስን ልክ በሊጥ ሳይሆን በብርሃንና በካሜራ ስለሚወስደው ስካነር። ነገሩ ትናንት የተፈለሰፈ አይደለም። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ዱሬ የጥርስን ልክ በብርሃን ስለመውሰድ የመመረቂያ ጽሑፉን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በስዊዘርላንድ ዙሪክ ደግሞ ቨርነር ሞርማንና ማርኮ ብራንዴስቲኒ ሴሬክ የተባለውን መሣሪያቸውን በሕመምተኛ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሙበት እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። በዚያው ዓመት ተወልደው የነበሩ ሰዎች ዛሬ የልጆች አባትና እናት ናቸው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እያነሰ፣ እየፈጠነ፣ ዋጋውም እየወረደ መጥቷል። ዛሬ የዴንማርክ፣ የደቡብ ኮሪያና የቻይና ኩባንያዎች ሳይቀሩ ይሠሩታል፤ ብዙዎቹ ሞዴሎች ከአንድ ላፕቶፕ ጋር በሻንጣ የሚያዙ ናቸው።

አሠራሩን ለመረዳት መሶብ የምትሰፋ ሴት ማየት ይበቃል። አለላና ስንደዶዋን ይዛ፣ በወስፌዋ እየወጋች፣ አዲሱን ዙር ከቀደመው ዙር ጋር ታያይዛለች። አዲሱ ዙር የሚቆመው የቀደመው ስላለ ነው። ስካነሩም ጥርሱ ላይ ብርሃን እየጣለ፣ በካሜራው እያነበበ፣ በየሰከንዱ ብዙ ምስል ያነሣል። እያንዳንዱን አዲስ ምስል የት እንደሚያስቀምጠው የሚያውቀው ከቀደመው ምስል ጋር የሚጋራውን ቅርጽ አመሳስሎ ነው። እጅ ከፈጠነ ወይም ምላስ መሐል ከገባ ስፌቱ ይቋረጥበታል። መፍትሔው እንደ ሰፊዋ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ አስቀድሞ የታየ ጥርስ ላይ ሄዶ ቆም ማለት፣ መሣሪያው ሲያውቀው ከዚያ መቀጠል። ሲያልቅ የልጁ ሁለት መንጋጋዎችና አነካከሱ በሦስት ገጽታ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣሉ። ይህ ፋይል አይኮማተርም፣ አይሰበርም፣ በጋቢ ሥር አይታቀፍም።

ወላጆች አስቀድመው የሚጠይቁት «ራጅ ነው ወይ?» ብለው እንደሚሆን አውቃለሁ። አይደለም። ብርሃን ብቻ ነው። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ቢደገምም ልጁን ለጨረር አያጋልጠውም።

ሥልጠና ላይ ሳለሁ በአዲስ አበባ አንዲት ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ስትታይ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ሐኪሟ በቀጥታ ወደ አፏ አልሄደችም። መጀመሪያ ገና ያልበራውን ስካነር እንድትይዘው ሰጠቻት። ቀጥላ አብርታ የልጅቱን የአውራ ጣት ጥፍር አነሣችው። ጥፍሩ ከነቆሻሻው ማያው ላይ ገዝፎ ሲወጣ ልጅቱ እጇን ደበቀች፤ ከዚያ ራሷ ሌላኛውን ጣቷን አመጣች። አፏን ስትከፍት ዓይኗ ማያው ላይ ነበር። አንድ ጥርስ ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ፣ ሦስተኛው ወጣ። መሐል ላይ ሳል መጣባትና መሣሪያው ወጣላት። ውኃ ጠጣች። ከዚያ ካቆሙበት ቀጠሉ። በመጨረሻም የወለቀው የፊት ጥርሷ ቦታ ባዶ ሆኖ ስታየው «ይሄኛውንማ ጣራ ላይ ወረወርኩት» አለች።

የሳሏን ጊዜ ልብ በሉልኝ። አልጂኔት ዕረፍት አያውቅም፤ ከተጫነ በኋላ ልጁ ቢያስለውም ቢያቅለሸልሸውም እስኪጠነክር መታገሥ አለበት፣ ካልሆነ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። ስካነር ግን በማንኛውም ቅጽበት ይወጣል፣ ልጁ አፉን ይዘጋል፣ ምራቁን ይውጣል፣ ይመለሳል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የማረከኝ ይኸው ነው። በልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚያሳዩትም ልጆቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ከሊጡ ይልቅ ስካነሩን እንደሚመርጡ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን መሣሪያ መግዛት ብቻውን ልጅን አያስታግሥም። አያያዙን የማያውቅ ሰው በስካነርም ልጅ ያስለቅሳል። ጫፉ ለልጅ አፍ የሚሆን ትንሹ ዓይነት መሆን አለበት፤ ለግዥ ኮሚቴዎች አደራ የምለውም ይህንን ነው፤ ለትልቅ ሰው የተሠራውን ጫፍ ይዞ የአምስት ዓመት ልጅ የኋላ መንጋጋ ጋ መድረስ ጭንቅ ነው። ከየት እንደሚጀመርም ለውጥ ያመጣል። ብዙ ባለሙያ ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ይጀምራል። ለልጅ ግን ከመጀመሪያው የወተት መንጋጋ ማኘኪያ ገጽ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ጎድጓዳና ጉብታ ስላለው መሣሪያው በቀላሉ ይለየዋል፣ ወደ ጉሮሮም አይቀርብም። ከዚያ ማኘኪያዎቹን ተከትሎ ጥርሱን በሙሉ መዞር፣ በምላስ በኩል መመለስ፣ በጉንጭ በኩል መጨረስ። ላንቃው የሚያስፈልግ ከሆነ ማቅለሽለሽ የሚቀሰቅሰው እሱ ነውና መጨረሻ ላይ ይቆይ። ከዚያ ልጁ ጥርሱን እንዲገጥም ይደረግና አነካከሱ ከጉንጭ በኩል ይነሣል። ምራቅ ብርሃኑን ያንጸባርቅና ቅርጹን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ በጋዝ፣ ማለትም በንጹሕ የሕክምና ጨርቅ፣ ቶሎ ቶሎ ማድረቅ ያስፈልጋል። የወንበሩ መብራትም ምስሉን ስለሚረብሽ ወደ ጎን ይዞር። ቶሎ የሚያቅለሸልሸው ልጅ አይተኛ፣ ቀና ብሎ ይቀመጥ። ጫፉ ከአንድ ልጅ ወደ ሌላ ልጅ ሲተላለፍ በእንፋሎት መቀቀያ መጽዳት አለበት፤ አምራቹ ከፈቀደው ቁጥር በላይ ከተቀቀለ መስተዋቱ ይደበዝዛልና ትርፍ ጫፎች አብረው ይገዙ።

ይህ ሁሉ ለጎጃም ልጆች ለምን አስፈለገ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአፍ ጤና ሪፖርት በዓለም ላይ 514 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት የወተት ጥርሳቸው የተቦረቦረ መሆኑን ገምቷል። ከዚህ ቁጥር ውስጥ የእኛዎቹ በየሳምንቱ ወንበራችን ላይ ይቀመጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚመጡት ጥርሱ ከማይድንበት ደረጃ ደርሶ፣ ፊታቸው አብጦ ነው፤ እኛም እንነቅላለን። ወላጅም «የወተት ጥርስ ነው፣ ይተካል» ብሎ ይጽናናል። ችግሩ የወተት መንጋጋ ጥርስ ቦታ ጠባቂ መሆኑ ነው። ስድስት ዓመት አካባቢ የሚወጣው ትልቁ መንጋጋ ፊቱ ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ካገኘው ወደዚያ ይገፋል። ከዓመታት በኋላ ተተኪው ጥርስ ሲመጣ ቦታው ተይዞ ይጠብቀዋል፣ ወይ ተጣምሞ ይወጣል፣ ወይ አጥንት ውስጥ ይቀራል። ይህን የሚከለክለው ቀላል ነገር ነው፤ በጎረቤቱ ጥርስ ላይ የሚታሰር ቀለበትና ሽቦ። በልክ መሠራት ግን አለበት። ለልኩ ሲባል አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ ገበሬ ስንት ነው? ሄዶስ ልጁ ሊጡን ካልተቀበለ?

ሌላው፣ እዚህ አካባቢ ገና ያልጠፋው ግግ ማስወጣት ነው። ሕፃኑ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲይዘው ድዱ ላይ ያበጠው «ግግ» ነው ይባልና ገና ያልወጣው የወተት ክራንቻ ተቆፍሮ ይወጣል። ከሥሩ የሚያድገው ቋሚ ጥርስ አብሮ ይጎዳል፤ ልጁ ሲያድግ ክራንቻው ቅርጹ ተበላሽቶ ይወጣል ወይም ጭራሽ አይወጣም። እነዚህን ልጆች በየጊዜው በስካነር እያነሣን ብናስቀምጣቸው ሁለት ጥቅም እናገኛለን። የመጀመሪያው የልጁ ነው፤ የዛሬውን ምስል ከአምናው ላይ አስቀምጦ ጥርሱ ወዴት እንደሄደ በሚሊሜትር ክፍልፋይ መለየት ይቻላል። ሁለተኛው የእናቶች ነው። ለአንዲት እናት «ግግ የሚባል በሽታ የለም» ብሎ መናገርና የጎረቤቷ ልጅ ያልሆነ፣ ስሙ ያልተጻፈበት የተበላሸ መንጋጋ ማያ ላይ እያዞሩ ማሳየት አንድ አይደለም።

የላንቃ መሰንጠቅ ያለባቸው ሕፃናት ደግሞ ለብቻቸው መነሣት አለባቸው። በዓለም ላይ ከሚወለዱ ሰባት መቶ ያህል ሕፃናት አንዱ ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ ይወለዳል። ለአንዳንዶቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ድዱን የሚያቀራርብ ሰሌዳ በየልካቸው ይሠራል። የሳምንታት ዕድሜ ያለውን ሕፃን ልክ በሊጥ መውሰድ ሐኪም የሚፈራው ሥራ ነው፤ ቁራጩ ከስንጥቁ አልፎ ወደ መተንፈሻው ሊገባ ይችላልና። ብርሃን ግን ተቆርጦ ጉሮሮ ውስጥ አይቀርም። ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ፣ ሲያለቅስ እንኳ አፉ ስለሚከፈት፣ በቁርጥራጭ ጊዜ ሊነሣ ይችላል።

ስካነሩ የማይችለውንም ልናገር፤ ከገዛችሁ በኋላ «እንዲህ አላላችሁንም» እንዳትሉን። መሣሪያው የሚያየው ብርሃን የደረሰበትን ብቻ ነው። ከድድ በታች ያለውን፣ አጥንት ውስጥ ያለውን ጥርስ፣ ሥር ላይ ያለውን መግል አያይም፤ ለእነሱ ራጅ ያስፈልጋል። ደም በበዛበት አፍ ውስጥ ይቸገራል። ምስሉ ከመንጋጋው አንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሲሰፋ በየስፌቱ ያለችው ጥቂት ስሕተት እየተደመረች ትሄዳለች፤ ለአንድ ጥርስ ወይም ለአንድ ወገን የሚሰጠው ልክ ከሙሉ መንጋጋው ይበልጥ የታመነ ነው። ለልጆች መሣሪያ ለሚያስፈልገን ልክ ግን ይበቃናል። ፍጥነቱንም በተመለከተ የጥናቶቹ ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጀማሪ እጅ ከአልጂኔት ይልቅ ሊዘገይ ይችላል፣ የለመደ እጅ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል።

«የጥርስ ብሩሽ እንኳ ላልተዳረሰው ሕዝብ ስካነር?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄውንም አከብረዋለሁ። ለትምህርት ቤት ልጆች የፍሎራይድ ቅብና የጥርስ ሳሙና ከሚገዛበት ገንዘብ ላይ ተቀንሶ ስካነር ይገዛ ብባል እኔው ራሴ እቃወማለሁ። ጥርስ እንዳይበላሽ ማድረግ ከሁሉ ይቀድማል። እኔ የምለው ሆስፒታሎች ለጥርስ ክፍል ወንበርና መሣሪያ በሚገዙበት በጀት ውስጥ ይግባልን ነው። የስካነር ዋጋ እንደ ዓይነቱ ከጥቂት ሺህ እስከ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይደርሳል። በጣም ውዱን አንፈልግም። አንዳንዱ አምራች በየዓመቱ የሶፍትዌር ክፍያ ይጠይቃል፤ ፋይሉንም ከራሱ ሥርዓት ውጭ እንዳይከፈት ይቆልፋል። እንዲህ ያለው ርካሽ ቢመስልም አይግባ። ማንኛውም ላቦራቶሪ የሚቀበለውን ኤስቲኤል የተባለ የተለመደ ፋይል በነፃ የሚያወጣ፣ ዓመታዊ ክፍያ የሌለው ይመረጥ።

ስለ መብራትና ስለ ኔትወርክ እንደምትጠይቁኝም አውቃለሁ፤ እዚሁ ስለምኖር ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። በላፕቶፕ ባትሪ የሚሠራው ዓይነት ከተመረጠ መብራት ቢጠፋ እንኳ የተጀመረ ሥራ ይጠናቀቃል። ልጁን ለማንሣት በአብዛኛው ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ፋይሉን ለመላክ ነው። ፋይሉ በአሥሮች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው፤ ኔትወርክ ሲመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይሄዳል። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ታካሚ በቀጠሮው መሄድ አቅቶት ሲቀር አይተናል። ፋይል ጎን ለጎን በፍላሽ ተይዞ በሌላ ሰው ኪስም ሊሻገር ይችላል፤ ቢጠፋ ዋናው እኛ ጋ አለ።

አንድ ነገር ግን በችኮላ እንዳይታለፍ እለምናለሁ። የልጅ አፍ ምስል የልጁ የጤና መረጃ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ እንድንይዝ ያስገድደናል። ወላጅ በሚገባው አማርኛ፣ በአካባቢው በአዊኛም ጭምር፣ ተነግሮት ይፍቀድ። ፋይሉ ከልጁ ስም ይልቅ በካርድ ቁጥር ይላክ። በሐኪሙ የግል ስልክና በቴሌግራም ቡድን ውስጥ የሚንከራተት ከሆነ ባይነሣ ይሻላል።

ልመናዬ እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ስካነር ደብረ ማርቆስ ላይ ይቀመጥ። ሁለተኛው በሻንጣ ሆኖ በተራ ይዙር፤ አንድ ሳምንት በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ መስመር፣ ሌላውን ሳምንት በቢቸናና በሞጣ በኩል። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ፋይሉን የሚቀበል፣ ሕክምናውን የሚወስን አንድ የባለሙያዎች ቡድን ይሰየም። ወጪው አንድ ላይ ከተቀመጠ ሞዴሉን የሚያትም ፕሪንተር እዚያው ይጨመር፤ ያን ጊዜ ጀሶው ወደ አዲስ አበባ ከመሄድ ይድናል፣ ቀለበትና ሽቦውንም የራሳችን ልጆች ባሕር ዳር ላይ ይሠሩታል። የላንቃ ሕፃናት ጉዳይ ከተወሳሰበ ፋይላቸው እንደ የካቲት 12 ሆስፒታል ወዳሉ፣ የዓመታት ልምድ ወዳላቸው ማእከላት ይላክና ሕፃኑ የሚጠራው ለቀዶ ሕክምናው ቀን ብቻ ይሁን። የጤና መኮንኖችና የጥርስ ቴራፒስቶች ስካን ማድረግን ሊማሩት ይችላሉ፤ ለስፔሻሊስት ብቻ የተተወ ሥራ አይሁን። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ሥልጠናውን ቢይዙት መልካም ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቻችሁ የፋይል አላላኩንና የጥበቃውን ነገር የመመረቂያ ሥራቸው ሊያደርጉት ይችላሉ።

እኔ በበኩሌ መሣሪያው የእኔ ሆስፒታል ባይደርሰው እንኳ ቅዳሜ ከሰዓትን ለሥልጠናው እሰጣለሁ። የመጓጓዣዬን አልጠይቅም።

ያ ልጅ ዘንድሮ ስምንት ዓመት ይሞላዋል። በስንጥቁ ቦታ ላይ ለሚተከለው አጥንት የሚመረጠው ጊዜ ክራንቻው ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ መንጋጋው መስፋት አለበት። ስለዚህ የምጠብቀው የዓመታት ዕቅድ ውስጥ የሚገባ መልስ አይደለም። ካርቶኑን ከነስብርባሪው መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ከእናንተ ማንም ሰው ወደ ክፍላችን ቢመጣ አሳየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከምሥራቅ ጎጃም
አንድ የጥርስ ሐኪም